ለየኔታ ዔሊ የመጣው ልብ

ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ሲጣሉና ሲታረቁ በኖሩበት ዘመን፣ ስሟን ማንም በማያስታውሳት አገር፣ በገና ዋዜማ ከቀትር በኋላ የኔታ ዔሊ ሮጡ።

ዔሊ አይሮጥም የሚል ይኖራል። ያን ቀን ከዶቅማው ዛፍ ሥር የነበሩት ወላጆች ግን በዐይናቸው አይተዋል። የኔታ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ሕፃናቱን አልፈው፣ ፍየሊቱን ቀድመው ከላይ ካለው ቋጥኝ ደረሱ። ያስሮጣቸው በፊታቸው በኮባ ቅጠል ላይ የተቀመጠ ነገር ነው። ነገሩ ልብ ነበር። ደሙ ገና አልደረቀም። ያመጣው ጅብ ነው፤ ያመጣውም ለበዓል ስጦታ ነው።

ጅብ ከመምህር ፊት እንዴት ደረሰ ቢሉ፣ እንዲህ ነው።

የኔታ ዔሊ በዚያች አገር ብቸኛው መምህር ነበሩ። የተማሪዎቻቸውን ልጆች፣ የልጆቻቸውንም ልጆች አስተምረዋል። ጥርስ የላቸውም፣ ጠጉር የላቸውም፣ ቤታቸው ጀርባቸው ላይ ነው። አንድ ቃል ግን ከአፋቸው አይጠፋም። ፊደል ሲያስቆጥሩ «ልብ በሉ!» ይላሉ። ልጆቹ ሲንጫጩ «ልብ በሉ!» ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ እንኳ «ልብ በሉ፣ ደመናው ከብዷል» ይላሉ። ልጆቹም «እሺ የኔታ» ብለው በዝናብ ይበሰብሳሉ።

አንድ መስከረም ላይ አያ ጥጋቡ የሚባል ጅብ ልጁን አስከትሎ መጣ። ስሙ ጥጋቡ ይሁን እንጂ ጠግቦ አያውቅም። ልጂቱ ትርፌ ትባላለች፤ እናቷ ስትሞት ለአባቷ የተረፈችው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው እንዲህ የተባለችው። ጥጋቡ ወደ ዛፉ አልቀረበም። ከሩቅ ቁጢጥ ብሎ ጮኸ።

«የኔታ! ልጄን ፊደል ያስቆጥሩልኝ!»

ወላጆች ተንጫጩ። ፍየሊት ግልገሎቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አያ ጥጋቡ፣ አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊደል የወደድከው?» አለችው።

«እኔማ አልወደድኩም፣ እመት ፍየሊት። እኔ የማውቀው አጥንት መቆርጠም ነው። እሷ ግን የእኔን ኑሮ እንዳትኖር ብዬ ነው። እኔን ያየ ሁሉ ድንጋይ ያነሣል።»

የሰፈሩ አጋፋሪ ቀበሮ ነበር። ስብሰባ ሲኖር ተናጋሪውን ተራ የሚያስይዝ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያስገባና የሚያስወጣ እሱ ነው። «ሥጋ ከተውኩ ቆይቻለሁ» ይላል፤ ማንም አልጠየቀውም።

«ትግባ» አለ ቀበሮ፣ ጅራቱን ወደ ላይ አቁሞ። «ግን እስከ ገና በሙከራ ትቆይ። እስከ ገና ድረስ አባቷ በዚህ ዛፍ ሥር አንዲት ጠብታ ደም ካመጣ፣ ልጂቱ ትውጣ። ከዚያ ወዲያ የጅብ ልጅ ፊደል አይቁጠር!»

«ካመጣሁ አፌን አፈር ይብላው» ብሎ ጥጋቡ ማለ።

ትርፌ ገባች። ሽታዋ ሌሎቹን እንዳያስቸግር ነፋስ ወደ ውጭ በሚወስድበት ጥግ አስቀመጧት። ጾመ ነቢያት ሲገባ ፊደል ጨርሳ ንባብ ጀመረች። ሌሎቹ ገና «ሀ ሁ» ላይ ነበሩ። የኔታ ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ወላጅ ይቀየማል። እሳቸው ግን ያዩትን ያውቃሉ። «ልብ በሉ» ሲሉ ቀና የምትል አንዲት ራስ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከጥግ ነው።

በዚያች አገር ደንብ፣ በገና ዋዜማ ወላጅ ሁሉ ለልጁ መምህር ስጦታ ይዞ ይመጣል። ቀኑ ደረሰ። አጋፋሪ ቀበሮ ከዛፉ ሥር የኮባ ቅጠል አንጥፎ፣ የመጣውን እየተቀበለ ይለፍፍ ጀመር።

መጀመሪያ ዝንጀሮ መጣ።

«የኔታ፣ የባቄላ ቆሎ ነው። ጠጠር ነው የሚመስል! ሲቆረጠም ማዶ ይሰማል። እኔ እወደዋለሁ፣ እርስዎም ይወዱታል!»

የኔታ ድዳቸውን ገጥመው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ጃርት መጣች።

«የኔታ፣ ሚዶ ነው። ከገዛ እሾኼ ነው የሠራሁት። ጠጉር ሲያበጥሩበት እንቅልፍ ይወስዳል። እኔ እወደዋለሁ፣ እርስዎም ይወዱታል!»

የኔታ መላጣቸውን ነካ አድርገው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ፍየሊት ከነእሾኹ የግራር ቅርንጫፍ ጎትታ መጣች።

«ለጋ ነው የኔታ! እሾኹ ምላስ ይኮረኩራል። እኔ እወደዋለሁ፣ እርስዎም ይወዱታል!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉ የኔታ፣ ምላሳቸውን ወደ ውስጥ እየሰበሰቡ።

ቀበሮ ራሱ ምንም አላመጣም። «የእኔ ስጦታ ሥርዓት ማስከበር ነው» አለ።

ከሁሉ በኋላ ጥጋቡ መጣ። አፉን ገጥሞ፣ ዐይኑን ወደ መሬት ተክሎ፣ ማንንም ሳያይ በወላጆች መካከል ገባ።

«እንኳን አደረሰህ፣ አያ ጥጋቡ!» አለች ፍየሊት፣ ለበዓሉ ብላ።

ዝም።

«ኧረ እንኳን አደረሰህ እየተባልክ ነው!»

ዝም።

«አዬ ጉድ!» አለ ዝንጀሮ። «ልጂቱ ፊደል ብትቆጥር አባትየው ንጉሥ ሆነና አረፈው።»

ጥጋቡ ከየኔታ ፊት ደረሰ። በኮባው ቅጠል ላይ አጎንብሶ አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ዱብ አለ።

«እንኳን አደረሰዎ የኔታ!» አለ ጥጋቡ ትንፋሹን ለቅቆ። «ሰላም ያላልኳችሁ አፌ ሞልቶ ነው። የሚወዱትን ይዤልዎ መጥቻለሁ። ነገ ጾሙ ሲፈታ ይበሉታል።»

የኔታ አዩ። ልብ ነው። ያበጠ፣ ቀይ፣ ከሥሩ ደም የሚያንጠባጥብ ልብ ነው።

የዝንጀሮ እጅ ወደ ቆሎው እንደተዘረጋ ቀረ። ከጥግ በኩል ትርፌ «አባዬ! ምን አደረግህ?» ስትል ተሰማች። ከዚያ የአህያ ውርንጭላ ማልቀስ ጀመረች።

«እናቴስ? እናቴ አልመጣችም እኮ!»

እርስ በርስ ተያዩ። ዝንጀሮ አለ። ጃርት አለች። ፍየሊት አለች። እመት አህዪት የለችም። ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ወደ ገደሉ እንደወረደች አልተመለሰችም።

የኔታ የሮጡት በዚያን ጊዜ ነው።

«ሩጡ!» አለ ቀበሮ። «ሕፃናቱን ይዛችሁ ወደ ቋጥኙ! እኔ ለሕይወቴ አልሳሳም፣ ከኋላ እሆናለሁ!»

ሁሉም ሮጠ። ጥጋቡም ሁሉም ሲሮጥ አይቶ አብሮ ሮጠ። ከቋጥኙ ሲደርሱ ከመካከላቸው ቆሞ ያለከልካል።

«ምንድን ነው የመጣብን?» አለ።

«አንተ ነሃ!» አለች ፍየሊት።

የኔታ ራሳቸውን ወደ ቅርፊታቸው አስገብተው ነበር። ዔሊ ሮጦ እንደሚደክም ከዚያ በፊት አያውቁም ነበር። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆነው ማሰብ ጀመሩ። ያዩት ልብ ነው። ያላዩት አህዪትን ነው። ባዩትና ባላዩት መካከል ያለውን ግን ማንም አልነገራቸውም። ራሳቸውን መልሰው አወጡ።

ቀበሮ የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ቀስ እያለ ነው የመጣው።

«ሕፃናቱ እንዳያዩት ብዬ ልቡን በቅጠሉ ጠቅልዬዋለሁ» አለ። ከዚያም ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ክሱን ከፈተ። «ወገኖቼ! ይህ ጅብ በጾም ሥጋ አመጣ! በጾም! እኔ ሥጋ ከተውኩ የቆየሁት፣ ሽታው ራሴን ሊያዞረኝ ነበር። ያውም የማን ሥጋ? የጎረቤታችን የእመት አህዪት! መሐላው ፈርሷል። ልጂቱ ትውጣ!»

«ትውጣ!» አሉ ወላጆቹ።

«ቆይ» አሉ የኔታ። «ጥጋቡ፣ እኔ ልብ እወዳለሁ ብሎ ማን ነገረህ?»

«ልጄ ናታ፣ የኔታ።»

«እኔ?» አለች ትርፌ። «እኔ እንደዚህ አላልኩም!»

«እንዴት አላልሽም? የመምህርሽ ስጦታ ጨንቆኝ ሳለ፣ ‹የኔታ ምን ይወዳሉ?› ብዬ ጠየቅሁሽ። ‹ምን እንደሚወዱ አልነገሩንም› አልሽኝ። ‹ከአፋቸው የማይጠፋውስ ምንድን ነው?› አልኩሽ። ‹ጠዋትም ማታም፣ የኔታ፣ ልብ በሉ ነው› አላልሽኝም?»

ትርፌ አፏን ከፍታ ቀረች። የኔታም ከፍተው ቀሩ።

«ትርፌ፣ ልጄ» አሉ የኔታ ቀስ ብለው፣ «‹በሉ›ን አላልተሽ ነው ወይስ አጥብቀሽ የነገርሽው?»

«አላልቼ ነው፣ የኔታ። እርስዎ እንዳስተማሩን። ሲላላ ‹አስተውሉ› ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ‹ጎረሱ› ማለት ነው።»

«ሰማህ ጥጋቡ?»

«የኔታ» አለ ጥጋቡ፣ «በእኛ ሰፈር ‹በሉ› የሚባል ነገር ላልቶ አያውቅም። ልጄ ‹የኔታ ልብ በሉ› ስትለኝ፣ በሉ! ጠዋትም በሉ፣ ማታም በሉ። እንግዲህ ጥርስ የላቸውም፣ ልብ ለስላሳ ነው፣ በድዳቸው ያላምጡታል ብዬ አሰብኩ።»

ጃርት ሣቀች። ሌሎችም ሊስቁ ነበር። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቃሉ ይላላ፣ ይጥበቅ፣ የመምህራን ጉዳይ ነው። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ልቡ የማን ነው? ልብ ብቻውን በመንገድ አይሄድም።»

«የበሬ ነው» አለ ጥጋቡ። «ከገደል ወድቆ የሞተ በሬ።»

«ማን አየ?»

«ጅቦች ሁሉ አይተዋል።»

«ጅብ ለጅብ ምስክር!» አለ ቀበሮ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ሣቁ፤ ደስ የማይል ሣቅ ነበር። «እመት አህዪትስ የት አለች? እሷን አምጣና እናምንሃለን!»

ጥጋቡ ወደ ገደሉ በኩል አየ። የሌለችን አህያ ከየት ያምጣ?

የኔታ ሌላ ጥያቄ አልነበራቸውም። ውርንጭላዋ ታለቅሳለች። ደሙ ከዛፉ ሥር መጥቷል፤ ይህን እሳቸውም አይተዋል።

«መሐላ መሐላ ነው» አሉ። «ትርፌ፣ ልጄ…»

«የዛሬውን ንባብ ሳልጨርስ ነው የምሄደው?» አለች ትርፌ።

ትርፌ ተነሥታ ከአባቷ አጠገብ ቆመች። ጥጋቡ ራሱን ደፋ። የዚያች አገር ጅቦች ሁሉ ከዚያ ቀን በኋላ ፊደል ሳያዩ ሊኖሩ ነው።

ከሥር በኩል የኮቴ ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው ሁላችሁም እዚህ የወጣችሁት?» አለ አንድ ድምፅ። «ማን ሞተ?»

እመት አህዪት ናት። እንስራዋ ተሰብሯል፣ ጉልበቷ ተፍቋል። እሷ ግን በአራት እግሯ ቆማለች።

ፍየሊት ጮኸች። ዝንጀሮ ከድንጋዩ ወደቀ። ውርንጭላዋ ሮጣ እናቷ ሆድ ሥር ገባች።

«ማን ሞተ ነው የምላችሁ?»

«አንቺ!» አለች ጃርት።

«እኔ?»

«ጥጋቡ በልቶሽ፣ ልብሽን ለየኔታ አምጥቶ!»

አህዪት ጥጋቡን አየችው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለች፤ ይህ የአህያ ልማድ ነው። ከዚያ ግን ቆመች።

«ስለዚያ ልብ ከሆነ እኔ አይቻለሁ» አለች። «ውኃ ልቀዳ ስወርድ ከገደሉ ሥር ጅቦች አየሁ። እንስራዬ ከጀርባዬ ወደቀ። ከድንጋይ ኋላ ተለጠፍኩ፣ ጆሮዬን አጠፍኩ፤ ከእኔ ቀድሞ የሚያስታውቀው እሱ ነው። አሮጌ በሬ ከገደል ወድቆ ሞቷል። ይከፋፈላሉ። ለጥጋቡ ሙሉ ጭን ደረሰው። ‹ጭኑን ውሰዱ፣ ልቡን ስጡኝ› አላቸው። ‹አብደሃል? ልብ እኮ አንድ ጉርሻ ናት!› አሉት። ‹ለልጄ መምህር ነው› ሲላቸው መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሣቁበት።»

«ከዚያስ?» አሉ የኔታ።

«ከዚያ በአፉ ይዞት በእኔ በኩል አለፈ። ለሐጩ እንደ ምንጭ ይወርዳል። ጥቂት ይሄድና ያስቀምጠዋል። ያየዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ያነሣዋል። ጥቂት ይሄድና ያስቀምጠዋል። ያየዋል። ዐይኑን ጨፍኖ ያነሣዋል። እኔ እዚያው አጠገቡ ነበርኩ፤ አላየኝም! እኔን! አህያን! እስኪሄዱ ጠብቄ ነው የዘገየሁት።»

አህያ ለጅብ መሰከረች። ከዚያ ቀን በፊት ይህን የሰማ ጆሮ አልነበረም።

«ከፍርሃት የተነሣ ነው እንዲህ የምትለው» አለ ቀበሮ። ድምፁ ግን ቀጠን ብሏል።

የኔታ ወደ ወላጆቹ ዞሩ።

«ዛሬ ብዙ ስጦታ ተቀብያለሁ» አሉ። «ቆሎ ተቀብያለሁ፤ ጥርስ የለኝም። ሚዶ ተቀብያለሁ፤ ጠጉር የለኝም። እሾኽም ተቀብያለሁ። ‹የኔታ ምን ይወዳሉ?› ብሎ የጠየቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም የሰማውን ነው ያመጣው።»

ዝንጀሮ መሬት መሬቱን አየ። ጃርት እሾኽዋን አጠፈች።

«አሁንም ግን ወሬ አይበቃኝም» አሉ የኔታ። «እንሂድና እንየው። ጥጋቡ ቀምሶት ከሆነ የጥርሱ ምልክት በልቡ ላይ ይታያል። ጥርስ ካላረፈበት እመት አህዪት እውነቷን ነው።»

«ምን ያደርጋል፣ የኔታ? መሽቷል እኮ!» አለ ቀበሮ። «ደግሞ በጾም ሥጋ ማየትም ኃጢአት ነው።»

ፀሐይዋ ገና ከዛፉ ጫፍ ላይ ነበረች። የኔታ ቁልቁል ወረዱ፤ አሁን እንደ ዔሊ ነው የሄዱት። ሁሉም ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተከተለ። ጥጋቡ ከሁሉ ኋላ ነበር፣ ልጁን ይዞ።

ቅጠሉ ቀበሮ እንደጠቀለለው ከዛፉ ሥር ተቀምጧል። የኔታ በአፋቸው ጫፍ ይዘው ገለጡት።

ድንጋይ ነው። ድብልብል ያለ፣ የልብ ያህል፣ የወንዝ ድንጋይ።

የኔታ ቅጠሉን አገላበጡ። ሥሩን አዩ። ደሙ እንኳ የለም፤ ቅጠሉ ተልሶ ያብረቀርቃል። ቀና ሲሉ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል።

«ደርቆ ይሆናል» አለ ቀበሮ። «ልብ ሲደርቅ…»

ቃሉን አልጨረሰም። ግሳት ቀደመው። የጾመኛ ግሳት አልነበረም። ያኔ ሁሉም ሆዱን አዩ። የቀበሮ ሆድ ከበሮ ሆኗል።

ጥጋቡ ቀረብ ብሎ አሸተተ።

«አለ» አለ፣ በአፍንጫው ወደ ሆዱ እያመለከተ። «እዚህ ውስጥ ነው። ወይኔ! እኔ እንኳ ሳልቀምሰው!»

«በጾም!» አለች ፍየሊት።

«ታዲያ መሐላውስ?» አለ ዝንጀሮ። «ደም መጥቷል እኮ።»

«የታለ ደሙ?» አሉ የኔታ። «መሐላውን ያወጣው ራሱ ልሶታል።»

ትርፌ ከጥጓ ተቀመጠች። ከዚያም የየኔታን ዐይን አይታ ተነሣች፣ ከፊት መጥታ የቀራትን ንባብ ጨረሰች። በዚያች አገር ከዚያ ወዲህ ክስ ሲሰማ ሽማግሌዎች አስቀድመው የከሳሹን ሆድ ያያሉ። እንዲህም ይላሉ፦

መምህር «ልብ በሉ» ይላል፤ ከሳሽ ልብ ይበላል።